የማያስታውሳት እናት



ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ፣ ከትምህርት በኋላ፣ ከአንድ መጽሐፍ ጥቂት አንብቤላችሁ ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው በሌላ ቋንቋ ስለሆነ እያየሁ በአማርኛ ነገርኳችሁ። ታሪኩ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው። እናቱ ታማ ከሩቅ ከተማ ተጠርቶ ይመጣል። ሲደርስ እናትየው አልጋ ላይ ናት። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ነገር ግን አታየውም።

ይህን ሳነብ ቤቱ ጸጥ አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ንባቡ ሲያልቅም ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር በእውነት የሆነ ነው?»

«የጻፈው ሰው እናቱ በእውነት ሞታበታለች» አልኳቸው። «ግን መጽሐፉ እንደሚለው አይደለም። እሷ ስትሞት እሱ አሥር ዓመት አልነበረውም። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።»

«ታዲያ ውሸት ነዋ!» አሉ። «እንባዬን ያፈሰስኩት ለውሸት ነው እንዴ?»

ያን ማታ የምመልሰው አጣሁ። ሳስብበት ሰነበትኩ። የዛሬው ንግግሬ ለእኚህ እናት ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው። ጥያቄው ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ራሱ እስከ ሽምግልናው ድረስ አልለቀቀውም።

ጸሐፊው ማን ነበር?

ሰውየው ሌቭ ቶልስቶይ ይባላል። አገሩ ሩሲያ ነው። የተወለደው በ1828 ነው። እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ይህ አቆጣጠር ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይቀድማል። የተወለደበት ርስት ያስናያ ፖሊያና ይባላል። ከሞስኮ ከተማ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ቤተሰቡ ባላባት ነበር። በዚያ ዘመን የሩሲያ ገበሬ ብዙው የባለ ርስቱ ንብረት ነበር። ጌታው ካልፈቀደ ከመሬቱ ለቆ መሄድ አይችልም። ያለ ጌታው ፈቃድ ሚስት ማግባት አይችልም። ይሸጥም ነበር። ይህ ሥርዓት በሕግ የቀረው በ1861 ነው። ይህን የምነግራችሁ፣ ወደ ኋላ ላይ ስለ አንዲት የቤት አገልጋይ ስለምናወራ ነው።

የቶልስቶይ እናት ማሪያ ትባል ነበር። አራት ወንዶችና አንዲት ሴት ወለደች። ቶልስቶይ አራተኛው ልጅ ነው። የመጨረሻዋን ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ ብዙም ሳትቆይ በ1830 ሞተች። አባቱም በ1837 ሞተ። ቶልስቶይ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ያሳደጓቸው ዘመዶች ናቸው።

እስቲ ልብ በሉ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስለ እናቱ ምን ያስታውሳል? ድምፅዋን አያስታውስም። ፊቷን አያስታውስም። ለቶልስቶይ ደግሞ የባሰው ነገር፣ በቤቱ ውስጥ አንድም የፊቷ ሥዕል አልቀረም። የነበረው ልጅ ሳለች የተሠራ አንድ የጥላ ምስል ብቻ ነበር። የጥላ ምስል ማለት እንዲህ ነው፦ ማታ ከኩራዙ አጠገብ ስትቀመጡ ጥላችሁ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ዙሪያውን በከሰል ብትከቡት ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ አገጩ ይታያል። ዓይን ግን የለውም።

ስለ እናቱ የሚያውቀው ሁሉ ሰው የነገረው ነው። ደግ እንደነበረች ነገሩት። ቁጣዋን መግታት የምታውቅ እንደነበረች ነገሩት። አንድ ሌላ ነገርም ነገሩት፦ ተረት አዋቂ ነበረች። ተረቱን እዚያው እየተናገረች ትፈጥረው ነበር። ነገር ግን ዓይን አፋር ስለሆነች በብርሃን አትናገርም፤ ጓደኞቿን ሰብስባ በጨለማ ውስጥ ነበር የምትነግራቸው። እንግዲህ ልጇ ከእሷ የወረሰው ምን እንደሆነ ከዚህ መገመት ትችላላችሁ።

«ት» እና «ቴ»

ቶልስቶይ በ1851 ወታደር ከሆነው ከታላቅ ወንድሙ ከኒኮላይ ጋር ወደ ካውካሰስ ተራሮች ሄደ። እሱም እዚያው በጦሩ ውስጥ ገባ። በዚያ በተራራ አገር፣ ከቤቱ ርቆ፣ የመጀመሪያ መጽሐፉን ጻፈ። አንድ ጊዜ ጽፎ አልተወውም። እየሰረዘ፣ እየደለዘ፣ ደጋግሞ ጻፈው። በ1852 ጨርሶ ወደ ፒተርስበርግ ከተማ ለአንድ መጽሔት ላከው። ያን ጊዜ ዕድሜው 23 ነበር። እኔ አሁን 22 ዓመቴ ነው። ስለዚህ ነገሩ በጣም ይገርመኛል።

መጽሐፉን «ልጅነት» አለው። መጽሔቱ ሲያትመው ግን ርእሱን ለወጠና «የልጅነቴ ታሪክ» አለው። ቶልስቶይ ይህን ሲያይ ተናደደ። የእኔን የልጅነት ታሪክ ማን ይፈልገዋል የሚል ነበር አሳቡ።

አሁን ሁላችሁም ፊደል ስለምታውቁ ልዩነቱን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። «ልጅነት» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ «ልጅነቴ» ብላችሁ ጻፉ። የተለወጠችው የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ናት፤ «ት» የነበረችው «ቴ» ሆነች። «ልጅነት» የሁሉም ሰው ነው። «ልጅነቴ» የአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰውም ለተናገረው ቃል ሁሉ ምስክር መሆን አለበት። ቶልስቶይ የተናደደው ለዚህ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሁሉ በእሱ ላይ የደረሰ አልነበረም።

እውነቱ የቱ ነው? የተፈጠረው የቱ ነው?

በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው ልጅ ኒኮለንካ ይባላል። የኒኮለንካ አባት ቁማር የሚወድ ሰው ነው። ይህ የቶልስቶይ አባት አይደለም። ከጎረቤታቸው ከነበረ ባላባት ላይ የተወሰደ ነው። እናትየውስ? እሷ ሰዎች ከነገሩትና እሱ በልቡ ከሣላት የተገኘች ናት።

እንግዲህ አንድ ነገር አስተውሉ። ኒኮለንካ ስለ እናቱ መናገር ሲጀምር ፊቷን አሟልቶ አይነግረንም። ቡናማ ዓይኗ ይታየዋል። አንገቷ ላይ ያለው ማርያም የሳመችው ምልክት ይታየዋል። ጥልፍ ያለው ኮሌታዋና ራሱን የምትዳብስበት እጇ ይታዩታል። ነገር ግን እነዚህን አንድ ላይ አድርጎ መላ ፊቷን ለማየት ሲሞክር ይሸሸዋል። ቶልስቶይ ከፈለገ እንደ ልቡ አስውቦ መላ ፊቷን መፍጠር ይችል ነበር፤ ማን ይከለክለዋል? ግን አላደረገውም። የማያስታውሰውን ፊት፣ የማይጨበጥ አድርጎ ተወው። ዓይኗ ልብ ወለድ ሊሆን ይችላል። ማጣቱ ግን እውነት ነው።

ከዚያ እናትየው ትሞታለች። ልጁ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ ይቆማል። በሰው ፊት ሲቆም፣ ከሌላው ይበልጥ ያዘነ መስሎ ለመታየት እንደፈለገ ይናገራል። በዚህም ራሱን ይጠላል። ከእናንተ ውስጥ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ያልፈራ ማን አለ? ይህን ደፍሮ የሚናገር ግን ጥቂት ነው። በመጨረሻ አንዲት የገበሬ ሴት ትንሽ ልጇን ይዛ ሬሳውን ለመሰናበት ትቀርባለች። ሕፃኗ የሟቿን ፊት ስታይ በድንጋጤ ትጮኻለች። ኒኮለንካም ያን ጊዜ ጮኾ ከቤት ይወጣል። እስከዚያ ድረስ መሞቷን ሰምቷል እንጂ አላወቀም ነበር። አሁን አወቀ።

አሁን ወደ አገልጋይዋ እንምጣ። በመጽሐፉ ናታልያ ሳቪሽና ትባላለች። እናትየዋን ከሕፃንነቷ ጀምራ ያሳደገች፣ የጓዳውንም ቁልፍ የያዘች ሴት ናት። በወጣትነቷ ከቤቱ አሽከር ጋር ለመጋባት ብትጠይቅ ጌታዋ ከለከላት፤ ለጊዜውም ወደ ሩቅ እርሻ አባረራት። ይህች ሴት ከልብ የተፈጠረች አይደለችም። ቶልስቶይ በቤታቸው ያገለግሉ የነበሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ስለ ናታልያ የጻፈው ሁሉ ከእሳቸው የተወሰደ እውነት መሆኑን ኋላ ራሱ ጽፏል።

እናትየው በሞተች ሰሞን ኒኮለንካ ወደ ናታልያ ክፍል ይገባል። እሷም ስለ ሟቿ እያነሣች ታለቅሳለች። በመካከሉ የቤቱ አሽከር ይመጣል። እኛ ለለቅሶ ንፍሮ እንደምንቀቅል፣ እነሱ ከዘቢብና ከሩዝ የሚሠሩት የተዝካር ምግብ አለ። ለእሱ የሚሆን ሩዝና ስኳር ስጪኝ ይላታል። እሷም እንባዋን ጠርጋ ትነሣለች። ስኳሩን በሚዛን ትመዝናለች። ይህን ያህል ምን ያደርጋል ብላ ታጉረመርማለች። ልጁ ይህን ሲያይ ያዝንባታል። እንዴት አሁን ስለ ስኳር ታስባለች ይላል። ካደገ በኋላ ግን ይገባዋል። የናታልያ ሐዘን እውነተኛ ስለሆነ ሰው እንዲያይላት አትፈልግም ነበር። ሥራ ሐዘኗን አይነካባትም። ማዘኗን ማስመስከር የሚፈልገው እሱ ነበር።

እናቶች ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ሬሳ ተሸኝቶ ሲመለስ ላሟ ትታለባለች። ጥጃው አይጠብቅም።

እንግዲህ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ሴቶች አሉ። አንዷን ቶልስቶይ በዓይኑ አይቷታል። አንዷን አላያትም፤ ማለት፣ አይቷት አያስታውስም። ሁለቱም ይሞታሉ። በመጨረሻው ገጽ ልጁ በሁለቱ መቃብር መካከል ቆሞ ያስባል። ያያትን ካላያት አጠገብ ቀበራት። አንዷ ሌላዋን እንድታምን አደረገችን።

ታዲያ ውሸት ነው?

በቋንቋችን እንዲህ ያለው ጽሑፍ «ልብ ወለድ» ይባላል። ቃሉን በሁለት ክፈሉት፦ ልብ፣ ወለድ። ልብ የወለደው ማለት ነው። የተወለደ ነገር ደግሞ ወላጅ አለው፤ ከባዶ አይመጣም።

ውሸት የምንለው ሌላ ነገር ነው። ሰውን ለማታለል፣ ለመጥቀም ወይም ለመጉዳት ሲባል የሚነገር ነው። በብድር ወረቀት ላይ ያልተበደሩትን መጻፍ ውሸት ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ ያላዩትን አየሁ ማለት ውሸት ነው። በዕድር ቃለ ጉባኤ ውስጥ ያልተባለውን ተባለ ማለት ውሸት ነው። እንዲህ ባለው ጽሑፍ ውስጥ ልብ ወለድ መቀላቀል ነውርም ወንጀልም ነው። ማንበብና መጻፍ ስንማር ይህን ልዩነት አብረን መማር አለብን። የወረቀቱ ዓይነት ምንድን ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ቶልስቶይ ግን ማንንም አላታለለም። የልጁን ስም ለውጧል። «የልጅነቴ ታሪክ» ሲባልበት ተቆጥቷል። እናት አጥቶ ለማደግ፣ እሷንም ለመሰናበት አልታደለም ነበር፤ አፉን ሳይፈታ ነው የሞተችበት። ስለዚህ ለኒኮለንካ አሥር ዓመት አብሯት እንዲኖር ሰጠው። ከዚያም እንዲሰናበታት አደረገው። እሱ ያላገኘውን ስንብት በወረቀት ላይ ሠራ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔም አባቴ የሞተው ሕፃን ሳለሁ ነው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይሄድ እንደነበር አስታውሳለሁ። አስታውሳለሁ እላለሁ እንጂ፣ አክስቴ ደጋግማ ስለምትነግረኝ ይሁን፣ በዓይኔ አይቼው ይሁን፣ ለይቼ መናገር አልችልም። ብዙዎቻችን ሳንጽፈው በልባችን እንዲህ እየቀላቀልን እንኖራለን። ጸሐፊው የሚለየው እያወቀ በማድረጉ ነው።

ግን ደግሞ የቶልስቶይን የራሱን ፍርድ መደበቅ የለብኝም። ሰባ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከ1903 ጀምሮ፣ እውነተኛ ትዝታውን መጻፍ ጀመረ። ያን ጊዜ «ልጅነት»ን መልሶ አነበበውና አልወደደውም። የራሱንና የጓደኞቹን የልጅነት ታሪክ አላግባብ ቀላቅሎ፣ ማስመሰል የበዛበት መጽሐፍ እንደጻፈ ተናገረ። እናንተ እንዳላችሁት፣ «ውሸት ነዋ!» ያለ ያህል ነው። በዚያው ጽሑፍ ስለ እናቱ ሲናገር ደግሞ የፊቷ ሥዕል ባለመቅረቱ በአንድ በኩል ደስ እንደሚለው ጻፈ። ምክንያቱም በልቡ የሚያውቃት መንፈሷን ብቻ ስለሆነ ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1906፣ አንድ ቀን ሲከፋው ዋለ። ዕድሜው 77 ነው። ሚስት፣ ልጆችና የልጅ ልጆች አሉት። ስሙ በዓለም ታውቋል። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ የጻፈው ግን፣ እንደ ሕፃን ተለጥፎባት የሚያባብል እናት እንደናፈቀው ነው። አንድ ቀን እንኳ «እማዬ» ብሎ ያልጠራትን፣ የማያስታውሳትን እናቱን።

ስለዚህ እኔ በዕድሜ ትንሽ ብሆንም በዚህ ነገር ከሽማግሌው ቶልስቶይ ይልቅ የ23 ዓመቱን ቶልስቶይ እደግፋለሁ። ሽማግሌው መጽሐፉ ተቀላቅሏል ማለቱ ልክ ነው። ነገር ግን 76 ዓመት ሙሉ ያልሻረ ሐዘን ማስመሰል ሊሆን አይችልም። በመጽሐፉ ውስጥ ያለፈው ያ ሐዘን ነው።

ስለ ፊደል

ሳልጨርስ፣ ስለ ቶልስቶይ ሁለት ነገር ልጨምር። ባላባት ሆኖ ቢወለድም በ1859 በርስቱ ላይ ለገበሬ ልጆች ትምህርት ቤት ከፍቶ ራሱ አስተምሯል። በ1872 ደግሞ የፊደል መማሪያ መጽሐፍ አሳትሟል። ትልልቅ መጻሕፍት የጻፈ ሰው ተመልሶ «ሀ» ብሎ ለሚጀምር ሰው ሲጽፍ አላፈረም።

ሁለተኛው ነገር የወንድሙ ነው። ኒኮላይ በልጅነቱ ለታናናሾቹ አንድ ነገር ፈጥሮ ይነግራቸው ነበር። ሰው ሁሉ ደስተኛ የሚሆንበት ምሥጢር በአረንጓዴ በትር ላይ ተጽፎ፣ በጫካው ውስጥ በአንድ ገደል አፋፍ ተቀብሯል ይላቸዋል። የልጅ ጨዋታ ነው። ኒኮላይ በ1860 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ቶልስቶይ ግን በትሩን አልረሳም። ስሞት እዚያ ቅበሩኝ አለ። በ1910 ሲሞት እዚያው ቀበሩት። በትር የለም፤ ልብ ወለድ ነው። መቃብሩ ግን እዚያ አለ። የወንድማማቾቹ ፍቅርም እንዲሁ እውነት ነበር።

አሁን ወደ እኚያ እናት ጥያቄ እመለሳለሁ። እማማ፣ ያን ማታ ከወጣን በኋላ መንገድ ላይ የነገሩኝን አልረሳሁም። ፎቶግራፍ ሳይነሣ የሞተ ልጅ እንዳለዎት፣ ፊቱም ከዓመት ወደ ዓመት እየጠፋብዎት መሆኑን ነግረውኛል። እንግዲህ እንባዎ ለውሸት አልፈሰሰም። ቶልስቶይ በር ከፈተ፤ የገባው የእርስዎ ልጅ ነው። ያለቀሱት ለእሱ ነው።

አሁን ደግሞ ፊደል አውቀዋል። ስለዚህ ስለ ልጅዎ ይጻፉ። የሚያስታውሱትን እንዳለ ይጻፉት፤ ምን ይወድ እንደነበር፣ ሲስቅ እንዴት እንደነበር፣ ከብት ሲነዳ ምን እያለ እንደሚጠራ። የረሱት ቦታ ሲደርሱ እርሳሱን አያስቀምጡ። ልብዎ የሚነግርዎትን ይጻፉና ከጎኑ «ይመስለኛል» የምትል አንዲት ቃል ያስቀምጡ። ያቺ ቃል ካለች ማንም ውሸታም አይልዎትም። የሚያነብ የልጅ ልጅም የታየውንና የታሰበውን ለይቶ ያውቃል።

እናንተም ሌሎቻችሁ እንዲሁ አድርጉ። ከእኛ መካከል የማያስታውሰው ሰው የሌለው የለም።

እማማ፣ ነገ ማታ ደብተርዎን ይዘው ይምጡ። ኩራዙን እኔ አበራለሁ።